አንድ ነገር ብቻ የሚያውቅ መሣሪያ፦ የታመቀ ጋዝን ስለሚገሩ ቫልቮች

ከወጥ ቤታችን አርጅቶ የወጣ አንድ የጋዝ ሬጉሌተር ነበረኝ። ማንም አንስቶ ዳግመኛ እንዳይገጥመው ብዬ ልሰብረው ነበር የተነሳሁት። ሁለቱን ግማሾች የያዘውን ጠርዝ በጉጠት ስፈለቅቀው ግን ውስጡን ማየት ጀመርኩና ያንን ቅዳሜ ከሰዓት በሙሉ ወሰደብኝ። ከመዳፍ የሚያንስ ክብ የጎማ ሽፋን፤ ከሽፋኑ ጀርባ አንድ ሞላ፤ ከሽፋኑ ሆድ ጋር የተያያዘ፣ እንደ ሚዛን የሚወዛወዝ አጭር የብረት ክንድ፤ በክንዱ ጫፍ ደግሞ የምስር ፍሬ የምታህል ጎማ። ባትሪ የለም፣ ሽቦ የለም፣ የሚቆጥር ነገር የለም። በየወጥ ቤቱ የታመቀውን ጋዝ ከእሳት ጋር በልክ የምታገናኘው ይህች ናት።

ይህ ዳሰሳ ስለ እሷና ስለ ዘመዶቿ ነው። በቦይለርና በትልልቅ ማጠራቀሚያዎች አናት ላይ ስለሚቀመጠው ማስተንፈሻ ቫልቭ፣ በሆስፒታል ኦክስጅን ላይ ስለሚታሰረው፣ በድራፍት ቤት በርሜል አጠገብ ስለሚገኘው። ታሪካቸው ከሦስት መቶ ዓመት ያልፋል። ያንን ታሪክ ሳገላብጥ ደጋግሞ የገጠመኝ አንድ ነገር ነው። እነዚህ መሣሪያዎች የሚያውቁት በአንድ ቦታ ላይ ያለን ግፊት ብቻ ነው። አደጋን አያውቁም። ሰው ግን አደጋን እንደሚያውቁ አድርጎ ይተማመንባቸዋል፤ ከባዶቹ አደጋዎች የደረሱትም እዚያ ክፍተት ውስጥ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ አሠራሩን እንይ። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ጋዝ ብቻ አይደለም። ፕሮፔንና ቡቴን በግፊት ታምቀው ፈሳሽ ሆነው ይቀመጣሉ፤ ከፈሳሹ በላይ ባለው ቦታ ተን አለ። የተኑን ግፊት የሚወስነው የፈሳሹ ብዛት ሳይሆን ሙቀቱ ነው። ንጹሕ ፕሮፔን በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ8 ባር ትንሽ ከፍ ይላል፤ ቡቴን በዚያው ሙቀት 2 ባር ገደማ ነው። ተቀላቅሎ የሚሸጠው በሁለቱ መካከል ይውላል። ምድጃው የሚፈልገው ግን 30 ሚሊባር ያህል ነው። ይህ ወደ አንድ ስንዝር ተኩል ቁመት ያለው ውሃ ከሥሩ ላይ የሚያሳርፈው ጫና ነው፤ ቀሰም ውሃ ውስጥ 30 ሳንቲ ሜትር ነክሮ አረፋ ለማስወጣት የሚበቃ ትንፋሽ ማለት ነው። በሲሊንደሩና በምድጃው መካከል ያለው ልዩነት ለፕሮፔን ከሁለት መቶ እጥፍ በላይ ነው።

ይህን ልዩነት የሚያስታርቀው ስፋት ነው። የጎማው ሽፋን ስድስት ሳንቲ ሜትር ወርድ ቢኖረው ስፋቱ ወደ 28 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ 30 ሚሊባር በዚያ ላይ ሲያርፍ የሚሰጠው ኃይል አንድ ኪሎ አይሞላም። ጋዙ የሚገባባት ቀዳዳ ሁለት ሚሊ ሜትር ብትሆን ደግሞ 7 ባር እንኳ ቢያርፍባት ሩብ ኪሎ አይደርስም። ሰፊው ሽፋን በደካማ ግፊት፣ ጠባቧ ቀዳዳ በብርቱ ግፊት፣ በክንዱ ላይ ይገናኛሉ። ሞላው ሽፋኑን ሲገፋ ቀዳዳዋ ትከፈታለች። ጋዝ ገብቶ ከሽፋኑ ሥር ሲጠራቀም ሽፋኑን መልሶ ያነሳዋል፣ ክንዱም ጎማዋን ቀዳዳዋ ላይ ያሳርፋታል። ምድጃው ሲለኮስ ከሽፋኑ ሥር ያለው ግፊት ይወርዳል፣ ሞላው ያይላል፣ ጋዝ ይጨመራል። ሞላው ካለበት ክፍል ወደ ውጭ የምታስወጣ፣ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል መተንፈሻም አለች። ሽፋኑ ግፊቱን የሚለካው ከውጭው አየር አንጻር ስለሆነ ያለ እሷ ሥራው ይዛባል።

አሁን ከሬጉሌተሩ ወደ ምድጃው የሚሄደው ጎማ ደርቆ ተሰነጠቀ፣ ወይም አይጥ በላው እንበል። ጋዙ ወጥ ቤቱ ውስጥ መፍሰስ ጀመረ። ሬጉሌተሩ የሚሰማው ግፊቱ መውረዱን ነው። ግፊት ሲወርድ ደግሞ ሥራው አንድ ነው፤ ይከፍታል። ቀዳዳዋ የምትችለውን ያህል ተከፍታ ጋዙን ትለቀዋለች። መሣሪያው አልተበላሸም፤ የተሠራለትን ሥራ እየሠራ ነው። አራቱም ምድጃ በርቶ ለድግስ ወጥ እየተሠራ ነው ወይስ ጎማው ተበጥሷል የሚለውን የሚለይበት አካል የለውም። ብዙ ሰው «ሬጉሌተር አለው እኮ» ሲል የሚረሳው ይህን ነው። ፍሰቱ ከልክ ሲያልፍ የሚዘጋ ሌላ ቫልቭ አብሮ የተሠራላቸው ሬጉሌተሮች አሉ፤ ሲገዛ መጠየቅ ያለበት እሱ ነው። እነሱም ቢሆኑ የሚይዙት ትልቁን ፍሳሽ እንጂ በስንጥቅ የሚወጣውን ትንሹን አይደለም።

የሬጉሌተር ታላቅ ወንድም ማስተንፈሻ ቫልቭ ነው። ሬጉሌተሩ ሁልጊዜ ይሠራል፤ ማስተንፈሻው ግን ዕድሜውን በሙሉ ተዘግቶ ይኖርና ግፊቱ ከተወሰነለት ልክ ሲያልፍ ብቻ ይከፈታል። ፈር ቀዳጁ ዴኒ ፓፔን የተባለ ፈረንሳዊ ፕሮቴስታንት ነው። ለንደን ከሮበርት ቦይል ጋር ሲሠራ ቆይቶ በ1679 ለሮያል ሶሳይቲ አንድ ድስት አቀረበ። ክዳኑ በብሎን የሚታሰር፣ እንፋሎቱን አፍኖ አጥንትን እስኪለሰልስ የሚቀቅል ነበር። ድስቱ እንዳይፈነዳ በክዳኑ ቀዳዳ ላይ መክደኛ፣ በመክደኛው ላይ ዘንግ፣ በዘንጉ ጫፍ ላይ ክብደት አስቀመጠ። እንፋሎቱ ክብደቱን ማንሳት ከቻለ ይወጣል፣ ካልቻለ ይቆያል። የሶሳይቲው አባላት በ1682 በዚያ ድስት የበሰለ እራት ቀርቦላቸው በልተዋል። ዛሬ ፕሬዠር ድስታችን ላይ እየጮኸ የሚሽከረከረው ክብደት በቀጥታ የፓፔን ልጅ ነው። ማኪያቶ የምንጠጣባቸው የቡና ማሽኖች ቦይለርም ከአንድ ባር ትንሽ በሚበልጥ ግፊት ሲንተከተክ በላዩ ያው ዘር አለ። የሚገርመኝ ሌላው ነገር ክብደቱን በኋላ የተካው ሞላ ሕጉን ያገኘው በዚያው ሶሳይቲ፣ በዚያው ዘመን መሆኑ ነው። ሮበርት ሁክ የሞላ መሳሳብ ከተጫነበት ኃይል ጋር እኩል እንደሚያድግ በ1678 አሳተመ።

ሪቻርድ ትሬቪቲክ የኮርንዋል መሐንዲስ ነበር፤ ብርቱ ግፊት ያለው እንፋሎት ይዘው ከተነሱት ሰዎች ግንባር ቀደሙ። በ1803 ለንደን አቅራቢያ በግሪኒች ለመሠረት ቁፋሮ ውሃ የሚስብ ሞተሩ ፈንድቶ አራት ሰው ሞተ። ትሬቪቲክ ራሱ በደብዳቤ እንደተረከው፣ ሞተሩን የሚጠብቀው ልጅ ዓሣ ሊይዝ ሄዶ ሥራውን ለአንድ የቀን ሠራተኛ ትቶለታል። ሠራተኛው ሞተሩ ከወትሮው ሲፈጥን አይቶ አቆመው። የማስተንፈሻውን ዘንግ ጠፍሮ የያዘውን የብሎን መፍቻ ግን አላነሳም። ሞተሩ ቆሞ እሳቱ ሲነድ ቦይለሩ ተቀደደ። ቫልቩ ላይ ያ መፍቻ ለምን እንደታሰረ ለመገመት አይከብድም፤ እንፋሎት ሲባክን ማየት ሥራ አስኪያጅንም ሠራተኛንም ያናድዳል። ትሬቪቲክ ከዚያ በኋላ በቦይለሮቹ ላይ ሁለት ማስተንፈሻ ማድረግ ጀመረ፤ ውሃው ሲጎድል የሚቀልጥ የእርሳስ መሰኪያም ጨመረ።

የባቡር ነጂዎችም ፍጥነት ለማግኘት ቫልቩን ይጭኑት ነበር። ለዚህ በ1850ዎቹ መልስ ያመጣው የእንግሊዝ የባቡር መሐንዲሱ ጆን ራምስቦተም ነው። ሁለት መክደኛዎችን በአንድ ዘንግና በመካከላቸው በተወጠረ አንድ ሞላ አሰራቸው። ነጂው ዘንጉን ወደ ታች ቢጫን ወይም ወደ ላይ ቢያነሳ ከሁለቱ አንዱን ያላላል እንጂ ሁለቱንም ማፈን አይችልም። ከዚህ ሁሉ የዕደ ጥበብ ታሪክ ውስጥ አብልጬ የማደንቀው ይህን ነው። ሰውየውን አላስተማረውም፣ አላስፈራራውም፤ እጁ የሚያጠፋበትን መንገድ ዘጋው።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ሁሉ ስለ እንፋሎት ነበር። ጋዝን በብረት ዕቃ ውስጥ አምቆ ከቦታ ቦታ ማጓጓዝ ሲለመድ ሬጉሌተር ተፈላጊ ሆነ። በጀርመን ሉቤክ ከተማ ዮሐን ሃይንሪሽ ድሬገር በ1889 ሥራ ሲጀምር የያዘው ሉቤካ የተባለ ቫልቭ ነበር። ጥቅሙ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከሲሊንደር በእኩል ግፊት አውጥቶ ቢራ መቅዳት ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በ20 ዲግሪ ላይ 57 ባር ያህል ስለሚገፋ ያለ ቫልቭ አንድ በርሜል ድራፍት መቅዳት የማይታሰብ ነበር። ያው ቤት በ1902 ከሐኪሙ ከኦቶ ሮት ጋር ኦክስጅንና ማደንዘዣ በልክ የሚሰጥ የቀዶ ሕክምና መሣሪያ አወጣ። ከአንድ ሺህ በላይ ሰው ያለቀበት የፈረንሳይ የኩሪየር ከሰል ማውጫ ፍንዳታ በ1906 ሲደርስ ከጀርመን የሄዱት አዳኞች መተንፈሻ መሣሪያ ይዘው ነበር። ቢራን በልክ ለመቅዳት የተገኘው ብልሃት በ17 ዓመት ውስጥ ጭስ በሞላው ጉድጓድ ለሚገባ ሰው እስትንፋስ ሆነ ማለት ነው።

በፈረንሳይም መንገዱ ተመሳሳይ ነው። ቤኑዋ ሩኬሮልና ኦጉስት ደኔሩዝ በ1860ዎቹ ጠላቂው ሲስብ ብቻ አየር የሚሰጥ ሬጉሌተር ሠርተው ነበር። ሐሳቡ ለረጅም ዘመን ተኛና በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1943፣ ኤሚል ጋኛን የተባለ የጋዝ ኩባንያ መሐንዲስ እንደገና አነሳው። ቤንዚን በጠፋበት ዘመን መኪናን በጋዝ ለማንቀሳቀስ የሠራትን ትንሽ ሬጉሌተር ከባሕር ኃይል መኮንኑ ዣክ ኩስቶ ጋር ሆኖ ለባሕር ዋና አዋላት። ሰው በጀርባው ሲሊንደር ተሸክሞ ከዓሣ ጋር የዋኘው በእሷ ነው።

ከእነዚህ ሰዎች ሁሉ ልቤን የነካኝ ስዊድናዊው ጉስታፍ ዳሌን ነው። ስዊድን ረጅም፣ ዓለታማና ደሴት የበዛበት የባሕር ዳርቻ አላት፤ መርከቦች እንዳይሰበሩ በየዓለቱ ላይ ፋና መብራት ነበረበት፣ በየፋናው ደግሞ ሰው መቀመጥ ነበረበት። ዳሌን ፋናዎቹ በአሲቴሊን ጋዝ ያለ ጠባቂ ለወራት እንዲበሩ አደረገ። አሲቴሊን ደግሞ ክፉ ጋዝ ነው፤ ለብቻው ሲታመቅ ያለ አየርም ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ሲሊንደሩን ባለ ቀዳዳ ገንቦ መሰል ነገር ሞልቶ፣ ያንን በአሴቶን አርሶ፣ ጋዙን በአሴቶኑ ውስጥ ማሟሟት አስፈለገ። ከዚያ ጋዙን በብልጭታ መጠን እየቆጠበ የሚለቅ ቫልቭ ሠራ። ጸሐይ ስትወጣ ጋዙን የሚዘጋ ሌላም ቫልቭ ጨመረ፤ ብርሃን የሚመጠው ጥቁር ዘንግ በጸሐይ ሞቆ ሲረዝም፣ የተወለወሉት ሌሎቹ ዘንጎች ብርሃኑን ስለሚመልሱ እንደነበሩ ይቀራሉ፤ ልዩነታቸው ቀዳዳውን ይዘጋዋል። በ1912 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት የተሰጠው ለዚህ ነው፤ ለፋናዎችና ለተንሳፋፊ ምልክቶች ከጋዝ ማጠራቀሚያ ጋር ለሚሠሩ ራስ ገዝ ተቆጣጣሪዎቹ። በዚያው ዓመት የማጠራቀሚያዎቹን ደህንነት ሲፈትን አንዱ ፈነዳበትና ሁለት ዓይኖቹ ጠፉ። ሽልማቱን በእሱ ፈንታ የተቀበለው ወንድሙ የዓይን ሐኪም ነበር። ዳሌን ግን ዓይነ ስውር ሆኖ ኩባንያውን እስከ ሞተበት እስከ 1937 ድረስ መራ።

በየጋራዡ የበያጆች አሲቴሊን ሲሊንደር ውስጥ እስከ ዛሬ ያለው ያው ባለ ቀዳዳ ነገርና ያው አሴቶን ነው። የሬጉሌተሩ ጌጅ ከአንድ ባር ትንሽ እንዳለፈ ወደ ቀይ የሚገባው አሲቴሊን ከዚያ በላይ ከሲሊንደሩ ውጭ ሊታመን ስለማይችል ነው። በሲሊንደሩ ላይ ያለችው መሰኪያ 100 ዲግሪ አካባቢ እንድትቀልጥ ሆና ተሠርታለች። ሲሊንደሩን አጋድሞ መጠቀምም አሴቶኑን ወደ ሬጉሌተሩ ይስበዋል።

ወደ ከባዶቹ አደጋዎች ልምጣ። በጥር 1966 በፈረንሳይ ሊዮን አቅራቢያ በፌዛን ማጣሪያ፣ ከፕሮፔን ማጠራቀሚያ ሉል ሥር ውሃ ሲያወጡ ቫልቩ በበረዶ ተይዞ አልዘጋ አለ። የፈሰሰው ጋዝ ተያያዘ፤ እሳቱ ከሉሉ ሥር ነደደ። በአናቱ ያለው ማስተንፈሻ እንደሚገባው ተከፈተ። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ማስተንፈሻው ሉሉን ይጠብቀዋል ብለው ውሃውን ወደ ጎረቤት ሉሎች አዞሩ። ሉሉ ግን ፈነዳ፤ 18 ሰው ሞተ። ምክንያቱ እንዲህ ነው፤ ፈሳሽ ያለበት የብረቱ ክፍል ሙቀቱን ለፈሳሹ ስለሚሰጥ ይቆያል፤ ከፈሳሹ በላይ ያለው ግን ተን ብቻ ስለሚነካው ግሎ ይልማል። ማስተንፈሻው ግፊቱን ይዞ ነበር። የለሰለሰ ብረት ያንን የተለመደ ግፊት እንኳ መሸከም እንደማይችል የሚነግረው ግን አልነበረም። ዛሬ እሳት የያዘው ታንክ አናቱ በውሃ መቀዝቀዝ አለበት የሚባለው ትምህርት ከዚያች ማለዳ ብዙ ተቀብሏል።

በሕንድ ቦፓል በታኅሣሥ 1984 የሆነው ከዚህም የተለየ ነው። 40 ቶን ያህል ሜቲል አይሶሳያኔት ወደያዘው ታንክ ውሃ ገባ፣ ፈሳሹ ተቆጣ፣ ግፊቱ ናረ። ማስተንፈሻው በሰዓቱ ተከፈተ፤ ታንኩም አልተቀደደም። ማስተንፈሻው የለቀቀው መርዝ መጀመሪያ በማጠቢያ ማማ መርከስ፣ ቀጥሎ በነበልባል ማማ መቃጠል ነበረበት። ማጠቢያው ያንን ጎርፍ የሚችል አልነበረም፣ የነበልባሉ ማማ ለጥገና ተለያይቶ ነበር፣ ታንኩን የሚያቀዘቅዘው ማሽንም ከወራት በፊት ጠፍቷል። ስለዚህ ቫልቩ ታንኩን አተረፈና ጋዙን በተኛች ከተማ ላይ ለቀቀው። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ፤ ከዚያ በኋላም በበሽታ የኖሩትና የሞቱት ብዙ ናቸው። ስለ ማስተንፈሻ ቫልቭ የሚጠየቅ ጥያቄ ቢኖር መጀመሪያው «ሲከፈት ወዴት ነው የሚተነፍሰው?» የሚለው መሆን አለበት፤ እኔ እንደማየው ግን ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው መጨረሻ ነው።

በ1979 በአሜሪካ ፔንሲልቬኒያ በስሪ ማይል አይላንድ የኑክሌር ጣቢያ ማስተንፈሻው ተከፍቶ እንደገና ሳይዘጋ ቀረ። የመቆጣጠሪያው ሰሌዳ መብራት ግን «ተዘግቷል» የሚል ምልክት ሰጠ፤ የሚያሳየው የዝጋ ትእዛዝ መተላለፉን እንጂ ቫልቩ መዝጋቱን አልነበረምና። ሠራተኞቹ መብራቱን አምነው ከሁለት ሰዓት በላይ ውሃው ሲያመልጥ ቆየ፤ የኑክሌር ሪአክተሩ እምብርት በከፊል ቀለጠ።

ከሁሉም ለወጥ ቤታችን ሬጉሌተር የሚቀርበው ግን በማሳቹሴትስ፣ በሎረንስና በሁለቱ ጎረቤት ከተሞች፣ በመስከረም 13 ቀን 2018 የደረሰው ነው። እዚያ ጋዝ ለየቤቱ የሚሄደው በመንገድ ሥር በተቀበረ ቧንቧ ሲሆን ግፊቱ 34 ሚሊባር ገደማ፣ ከኛ ምድጃ ጋር የሚቀራረብ ነው። ስለዚህ በየቤቱ ደጃፍ ሬጉሌተር አልነበረም፤ ሥራውን ለሰፈሩ ሁሉ የሚሠራው ጣቢያው ነው፣ 5 ባር ከሚሆነው ዋና መስመር እየቀነሰ። በዚያ ቀን አሮጌውን የብረት ቧንቧ በፕላስቲክ እየለወጡ ነበር። አዲሱ ተገናኘ፣ አሮጌው ተቆረጠ። ጣቢያው ግፊቱን የሚያዳምጥባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች ግን አሁንም ከተቆረጠው አሮጌ ቧንቧ ጋር እንደተያያዙ ነበሩ። በሞተው ቧንቧ ውስጥ የቀረው ጋዝ እየወረደ ሲሄድ ሬጉሌተሩ ግፊት የጎደለ መሰለውና ከፈተ፤ የበለጠ ወረደ፣ የበለጠ ከፈተ። ለጥንቃቄ የቆመው ሁለተኛው ተቆጣጣሪም የሚያዳምጠው ያንኑ ቧንቧ ስለነበር አብሮ ከፈተ። የዋናው መስመር ግፊት በሕያው ቧንቧ ወደ ቤቶቹ ገባ። በደቂቃዎች ውስጥ በሦስት ከተሞች ምድጃና የውሃ ማሞቂያ እሳት ተፉ፤ አንድ የ18 ዓመት ወጣት ሞተ፣ ከ20 በላይ ሰዎች ቆሰሉ፣ 131 ቤቶችና ሕንጻዎች ተጎዱ። ከቫልቮቹ አንዱም አልተበላሸም። ክፍለ ሀገሩ ከዚያ ወዲያ የጋዝ ሥራ ዕቅድ በባለሙያ መሐንዲስ ሳይጸድቅ እንዳይሠራ በሕግ ደነገገ።

ስለ ስስ ታንኮች በአጭሩ ልበል። ነዳጅና ዘይት የሚቀመጥባቸው ግዙፍ ታንኮች የሚፈሩት መፈንዳትን ብቻ ሳይሆን መሟሸሽንም ነው። ፈሳሹ ሲቀዳ ወይም ድንገት ዝናብ ሲያቀዘቅዛቸው አየር ካልገባላቸው እንደ ፕላስቲክ ጠርሙስ ይጨማደዳሉ። ስለዚህ በአናታቸው ያለው መተንፈሻ ሁለት መክደኛ አለው፤ አንዱ ያስወጣል፣ አንዱ ያስገባል። እንግሊዛዊው የደህንነት ጸሐፊ ትሬቨር ክሌትዝ አቧራ እንዳይገባ ተብሎ ቀዳዳው በፕላስቲክ ከረጢት ስለታሰረበት ታንክ ጽፏል። ፈሳሹ ሲቀዳ ታንኩ ወደ ውስጥ ተሰርጉዶ ቀረ።

እኛ ዘንድ ነገሩ የሚጀምረው ከሲሊንደሩ አቀማመጥ ነው። ጋዙ ሲያንስ ሲሊንደሩን የሚያናውጥ፣ የሚያጋድም፣ ሙቅ ውሃ የሚያፈስበት ሰው አይቻለሁ። ብዙ ጋዝ በፍጥነት ሲቀዳ ፈሳሹ ለመትነን ሙቀቱን ስለሚያጣ ይቀዘቅዛል፣ ግፊቱም ይወርዳል፤ ሲሊንደሩን ላብ የሚያስወጣው ይህ ነው። ማጋደም ግን ተኑን ትቶ ፈሳሹን ወደ ሬጉሌተሩ ይልካል። አንድ ሊትር ፈሳሽ ፕሮፔን ሲተን ወደ 270 ሊትር ጋዝ ይሆናል፤ ያቺ ሁለት ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ለተን የተሠራች ናት። ሙቀቱም ቢሆን ወሰን አለው። ሲሊንደር ሲሞላ ከመቶ ሃያ ያህሉ ባዶ የሚተወው ፈሳሹ ሲሞቅ ስለሚያብጥ ነው፤ ከልክ በላይ የተሞላ ሲሊንደር ጸሐይ ላይ ቢውል ባዶ ቦታው ያልቅና ፈሳሹ ብረቱን ይገፋል።

ጋዙ ስንት እንደቀረ ማወቅ የፈለገ ሰው ጌጅ ቢገዛ አይጠቅመውም። አንዲት ጠብታ ፈሳሽ እስካለች ድረስ ጌጁ የሙሉ ሲሊንደርን ግፊት ያሳያል፤ የሚያውቀው ግፊትን ነዋ። መመዘን ይሻላል። ለሆስፒታል ኦክስጅን ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። ኦክስጅን በሲሊንደሩ ውስጥ ጋዝ ሆኖ ስለሚቀመጥ 150 ባር የነበረው 75 ሲል እኩሌታው አልቋል፤ ሌሊት ተረኛ የሆነች ነርስ ኦክስጅኑ ለታማሚው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ከጌጁ ላይ ማንበብ ትችላለች። ይህ መሣሪያ የሚናገረው ነገርና እኛ ልናውቅ የምንፈልገው ነገር አንድ የሚሆኑበት ብርቅ ቦታ ነው። በኦክስጅን ሬጉሌተር ላይ ክርክር የማያስፈልጋቸው ሁለት ነገሮች አሉ። ቅባት የነካው እጅ ወይም ጨርቅ አይነካውም፤ በታመቀ ኦክስጅን ውስጥ ዘይትና ቫዝሊን ያለ ክብሪት ሊቀጣጠሉ ይችላሉና። ቫልቩ ሲከፈትም በዝግታ ነው፤ በድንገት የገባ ጋዝ በጠባቡ ቦታ ሲታመቅ ጎሚኒውን የሚያቀጣጥል ሙቀት ይፈጥራል።

ከውጭ አገር ምድጃ ለሚልኩልን ዘመዶቻችንም አንድ ቃል አለኝ። አሜሪካ ውስጥ ብዙው ቤት የሚጠቀመው በቧንቧ የሚመጣ የተፈጥሮ ጋዝ ነው። ያ ጋዝ በአንድ ሊትር የሚሰጠው ሙቀት ከፕሮፔን ግማሽ ስለማይሞላ የምድጃው አፍንጫ ቀዳዳዎች ሰፋ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ያ ምድጃ አፍንጫው ሳይለወጥ አዲስ አበባ ከሲሊንደር ጋር ቢገናኝ ሬጉሌተሩ ልኩን ቢጠብቅም ነበልባሉ ረጅም፣ ቢጫና ጥቀርሻ የሚያወጣ ይሆናል። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች በሻንጣ የመጣ ሬጉሌተርም የአፉ ወርድ እዚህ ካለው ሲሊንደር ጋር ላይገጥም ይችላል፤ በጨርቅና በፕላስተር ማስገደድ ደግሞ መፍትሔ አይደለም። የከተማችን ከፍታ በአንድ በኩል ይረዳናል። ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ የአየሩ ጫና ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ፣ በባሕር ወለል ላይ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ መትነን የሚያቆመው ቡቴን እዚህ ከዚያ በታች ጥቂት ዲግሪ ድረስ ይተናል። የኅዳር ብርድ አያግደውም።

ጋዙ ከአየር ይከብዳል፤ ፕሮፔን አንድ ተኩል እጥፍ፣ ቡቴን ሁለት እጥፍ። ሲያመልጥ ወለል ላይ ይተኛል እንጂ ወደ መስኮት አይወጣም። በኮንዶሚኒየም ጠባብ ወጥ ቤት ከፍ ብሎ የተከፈተ መስኮት እንፋሎቱን እንጂ ጋዙን አያስወጣውም፤ በበሩ ሥር ያለው ክፍተት ይበልጥ ይጠቅማል። ሽታው የራሱ አይደለም፣ እንድንነቃ ተብሎ የተጨመረ ነው። ሲጠረጠር ክብሪት ሳይሆን የሳሙና አረፋ በጎማው ዙሪያ ይቀባል፤ አረፋው ካበጠ ያፈስሳል።

የከፈትኩትን ሬጉሌተር ገና አልጣልኩትም። ሽፋኑን በሁለት ጣቶቼ መካከል ሳጥፈው በጠርዙ ላይ ጸጉር የሚያህል ስንጥቅ ታየኝ። በአካሉ ላይ የተቀረጸችውን የተሠራበትን ዓመት ለማንበብ የወጥ ቤቱን ዘይት በጨርቅ መጥረግ ነበረብኝ፤ ጎማው ከሚመከርለት ዕድሜ በላይ ሦስት ዓመት ሠርቷል። ከሞላው በላይ ያለችው መተንፈሻ ደግሞ የለችም ብዬ ነበር። በዘይትና በአቧራ ተደፍና፣ ከአካሉ ቀለም ጋር ተመሳስላ ነው። በመርፌ ጫፍ ስነካት ተከፈተች።